በብር ስንት ነው?

ከአገር ወጥቶ የከረመ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው አንድ በሽታ አለ። ቡና ስትገዙ፣ ፀጉር ስትሠሩ፣ ባቡር ስትሳፈሩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አንድ ሰው ካልኩሌተር ይዞ ቁጭ ብሏል። ዋጋውን ገና ሰምታችሁ ሳትጨርሱ «በብር ስንት ነው?» ይላችኋል።

እኔ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። ያን ሰሞን እዚህ ቺካጎ የማኪያቶ ዋጋ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን በእጥፍ ተወደደ።

ዛሬ የማወራችሁ ይሄ በሽታ አንድ ቅዳሜን ሊያበላሽብኝ ስለደረሰበት ቀን ነው።

ከባለቤቴ ጋር በዲቪ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እሱ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፤ ከሰዓት ወጥቶ ሌሊት ይመለሳል። እኔ ጠዋት ቤት ስገባ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ሲወጣ እኔ ተኝቻለሁ። አንድ አልጋ በፈረቃ ነው የምንጠቀመው ብላችሁ ውሰዱት። የምንነጋገረው ፍሪጁ በር ላይ በምንለጥፋት ወረቀት ነው። «ሽሮ አለ፣ አሙቀው።» «የመብራት ከፍያለሁ።» «እማዬ ደውላ ነበር፣ መልሺላት።»

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ወረቀቷ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ቅዳሜ አልሠራም። ሐይቁ ጋ እንሂድ።»

ደስ አለኝ ብላችሁ ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ሂሳቡ ነው። የቅዳሜ ምሽት ለሹፌር የሳምንቱ ምርጥ ገበያ ነው፤ ጥሩ ቀን ከሆነ ነዳጁ ተቀንሶ ሁለት መቶ ዶላር ይዞ ይገባል። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የምትባለዋን ታስታውሳላችሁ። አንዱን ስትመርጡ የምትተዉት የሌላው ዋጋ ማለት ነው። ሐይቅ ዳር መዋል ነጻ አይደለም፤ ገና ከቤት ሳንወጣ ሁለት መቶ ዶላር ከፍለንበታል። ወረቀቷ ላይ ግን «እሺ» ብቻ ጽፌ ሄጄ ተኛሁ።

የኛ አገር ክረምት እዚህ በጋ ነው። ነሐሴ ውስጥ ነበርን፣ ፍልሰታ ገብቷል። የጾም ፍርፍር ሠርቼ በዕቃ ቋጠርኩ፣ ቆሎና ሁለት ጠርሙስ ውሃ ያዝኩ። መኪናውን አቁመን በባቡር ሄድን፤ ሐይቁ አካባቢ መኪና ማቆሚያ የሚያስከፍሉትን የሚያውቅ ሰው መኪና ይዞ አይሄድም። ከባቡሩ ወርደን በአውቶብስ ትንሽ እንደሄድን ሕንጻዎቹ አለቁና ውሃው ተዘረጋ።

ሚሺጋን ሐይቅ ስፋቱ 58 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣናን ከአስራ አምስት ጊዜ በላይ ይውጠዋል። ማዶው አይታይም፣ ማዕበል አለው፣ አሸዋ ዳርቻ አለው። እናቴ በቪዲዮ ስታየው እስከ ዛሬ «ባሕሩ» ነው የምትለው። ጨው የለውም ብላትም አታምነኝም።

የሄድነው «ኔቪ ፒር» የሚባለው ቦታ ነው። ከከተማው ተነስቶ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐይቁ ውስጥ የገባ ረጅም መድረክ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1916 ነው የተከፈተው፤ ዕቃና ሰው የሚጭኑ መርከቦች እንዲቆሙበትም፣ የከተማው ሰው እንዲናፈስበትም ታስቦ። በ1927 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተሳተፉ የባሕር ኃይል አባላት መታሰቢያ ስሙ ተቀየረ። በሁለተኛው ጦርነት ወታደር ሠለጠነበት። ከዚያ እስከ 1965 ድረስ የዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሆኖ ተማሪ ተማረበት። የዛሬውን የመዝናኛ መልኩን ይዞ የተከፈተው በ1995 ነው።

መግቢያው በነጻ ነው። «በነጻ ከሆነ እንዴት ይኖራል?» ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ የኔ ቢጤ ናችሁ። ገብታችሁ አሥር እርምጃ ስትሄዱ መልሱን ታገኙታላችሁ። አይስክሬም፣ ፈንዲሻ፣ ሆት ዶግ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ስምህ የተጻፈበት ቁልፍ መያዣ። ሰውን በነጻ አስገብተህ፣ አስርበህ፣ አስጠምተህ፣ ልጁን ካስለቀስክበት በኋላ ኪሱ ራሱ ይከፈታል። እኛን ግን ፍልሰታ ጠበቀችን። የሆት ዶጉ ሽታ ልብ ያጠፋል፤ ባለቤቴ «ጾም እኮ ለነፍስ ብቻ አይደለም፣ ለበጀትም ነው» ሲለኝ ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን እንደሳቅን አላስታውስም።

ከዚያ ትልቁ ፌሪስ ዊል ጋ ደረስን። እንደ ብስክሌት ጎማ የቆመ ትልቅ መሽከርከሪያ ነው። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው የሚቀመጥባቸው 42 በመስታወት የተዘጉ ሳጥኖች አሉት። ይሄኛው በ2016 ወደቡ መቶ ዓመት ሲሞላው የተተከለ ነው። ነገሩ ራሱ ግን የቺካጎ ልጅ ነው። በ1893 ከተማዋ የዓለም ትርኢት ስታዘጋጅ፣ ፓሪስ ከአራት ዓመት በፊት የኤፍልን ማማ አቁማ ስለነበር የሚወዳደራት ነገር ተፈለገ። ጆርጅ ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ 80 ሜትር የሚረዝም መሽከርከሪያ ሠራ፤ 36 ሳጥን፣ በእያንዳንዱ 60 ሰው። ዋጋው 50 ሳንቲም ነበር። የትርኢቱ መግቢያ ራሱ 50 ሳንቲም ስለነበር ሰው አንድ ዙር ለመውጣት ሌላ የአንድ መግቢያ ዋጋ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ስሙን ለዓለም የሰጠው ፌሪስ ግን «ድርሻዬን ተበልቻለሁ» ብሎ በገንዘብ ሲከራከር ቆይቶ፣ ሦስት ዓመት ብቻ ኖሮ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ እያወራሁለት ሰልፉ ውስጥ ገባን። ወደ ፊት ስንጠጋ ዋጋው ታየኝ።

«ለሁለት ሰው ወደ 40 ዶላር ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከቲፕ አስቀምጫለሁ።»

«በብር ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እባክሽ ዛሬ በብር አትንገሪኝ።»

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ለደቂቃዎች ነገር እኮ ነው። የእማዬን ግማሽ ወር አስቤዛ ይሸፍናል። በዚያ ላይ ዛሬ አልሠራህም፤ ሁለት መቶ ጨምርበት።»

ምንም አልመለሰልኝም። ፊቱን አየሁት፣ አልተቆጣም። ገመዱን ከፍ አድርጎ ከሰልፉ ወጣ። ተከተልኩት።

የወደቡ ጫፍ ድረስ ዝም ተባብለን ሄድን። አንድ ኪሎ ሜትር ተጣልታችሁ ስትሄዱት ረጅም ነው። ጫፉ ላይ ፊት ለፊታችን ያለው ውሃና ነፋስ ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፍርፍሩን ከፍቼ በመሐላችን አስቀመጥኩ። ነጫጭ የሐይቅ ወፎች ከብበው ያዩናል። በላን። አሁንም ዝም።

«ቢሾፍቱን ታስታውሳለህ?» አልኩት በመጨረሻ።

ፈገግ አለ። ተማሪዎች እያለን ነው፤ አብረን ከአዲስ አበባ የወጣንበት የመጀመሪያ ቀን። ሐይቅ ልናይ ሄደን፣ ሐይቁ ዳር ለመድረስ በአንድ መዝናኛ በር መግባት ነበረብን። ጥበቃው የመግቢያውን ዋጋ ሲነግረን ተያየን። ሁለታችን ያለንን ብንደምር የመመለሻ ትራንስፖርት ላይ ይጎድላል። ዞረን ሄድን፣ ከአጥሩ ውጪ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገን ውሃውን ከሩቅ አየነው። ያን ቀን ተናድጄ «ሐይቁን ማን ሸጠላቸው?» ማለቴን እሱ እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቅብኛል።

«እዚህስ ለምን አልሸጡትም?» አለኝ።

ደግነቱ መልሱን አውቀው ነበር። ሌሊት ተረኛ ስሆን፣ ሽማግሌዎቹ ሲተኙልኝ፣ ስልኬ ላይ የማላነበው ነገር የለም። ዝምታው እንዳይመለስ ብዬም ሳላቋርጥ አወራሁለት። ለእናንተም በአጭሩ ልንገራችሁ።

ነጻ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እንዲያውም ለመሸጥ ተሞክሮ ነበር። በ1869 የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ከቺካጎ ፊት ለፊት ያለውን የሐይቅ ወለል፣ 400 ሄክታር ገደማ፣ በሕግ ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሰጠው። ከአራት ዓመት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሕጉን ሻረው። ኩባንያው «የኔ ነው» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1892 ተወሰነ። የውሳኔው ፍሬ ነገር ለኛ ሰው በአንድ ቃል ይገባል፦ አደራ። መንግሥት ሐይቁን የያዘው ለሕዝብ በአደራ ነው፤ የአደራ ዕቃ ደግሞ እንደ ግል ንብረት ተነስቶ ለሌላ አይሰጥም።

ሁለተኛው ታሪክ የአንድ ነጋዴ ነው። ሞንጎመሪ ዋርድ ይባላል፤ ሰው ከካታሎግ መርጦ ሲያዝዘው ዕቃውን በፖስታና በባቡር የሚልክ ሀብታም ነበር። የዚያን ዘመን የኦንላይን ገበያ በሉት። ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው የሐይቅ ዳር መሬት ላይ፣ በ1836 በተሠራ የከተማው ካርታ «ለሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ ሕንጻ አይሠራበት» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ከተማው ግን ቦታውን የቆሻሻና የሕንጻ ቦታ ሲያደርገው ጊዜ፣ ዋርድ በ1890 ክስ መሠረተ። ወደ ሃያ ዓመት ተሟገተ። ልማት አደናቃፊ ተባለ፣ ብዙ ሰው ጠላው። አሸነፈ። ዛሬ ግራንት ፓርክ የሚባለው ሰፊ ሜዳ በዚያ ክርክር የተረፈ ነው። አሁን ሐይቁን ይዞ 29 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ትሄዳላችሁ እንጂ ማንም ትኬት አይጠይቃችሁም።

«ለሁሉም ክፍት» ሲባል ግን ሁሌም ለሁሉም ነበር ማለት አይደለም። ይሄንንም ነገርኩት። በጁላይ 1919 ዩጂን ዊሊያምስ የሚባል የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በዚሁ ሐይቅ ሲዋኝ፣ ውሃው ላይ በዓይን ወደማይታየው «የነጮች» ወደሚባለው በኩል ተንሳፎ ሄደ። ከዳር ድንጋይ ተወረወረበትና ሰጠመ። ከዚያ በተነሳው ግጭት በጥቂት ቀናት ውስጥ 38 ሰው ሞተ። እኔና እሱ ዛሬ እግራችንን ዘርግተን ፍርፍር የበላንበት ዳርቻ ዋጋ ተከፍሎበታል። ደረሰኙ ግን እኛ እጅ የለም።

ጨርሼ ዝም ስል እሱ ወደ ከተማው ዞሮ ሐይቁን ይዞ የሚሄደውን ሰፊ መንገድ እያየ ነበር። ዱሳብል ሌክ ሾር ድራይቭ ይባላል። ከ2021 ጀምሮ፣ ቺካጎ ላይ ከአገሬው ተወላጆች ውጪ መጀመሪያ ኑሮ መሠረተ በሚባለው ጥቁር ሰው ስም ነው የሚጠራው። ባለቤቴ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስበት እግዜር ይወቀው።

«ቅዳሜ ለምን እንዳልሠራሁ አልጠየቅሽኝም» አለ።

እውነቱን ነው። ስንት እንደሚያስወጣን ነው እንጂ ለምን የሚለው ትዝ አላለኝም።

«ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው አድርሼ በዚያ መንገድ እየተመለስኩ ነበር። መሪ ላይ ተኛሁ። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲመታው ነው የነቃሁት።»

«ሰው ጭነህ ነበር?»

«ብቻዬን ነበርኩ። ስንት ሰከንድ እንደተኛሁ አላውቅም። ወጥቼ አቁሜ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅኩ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ ሌላ ሰው ጠራኝ። ሄድኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፍሪጅ ላይ ልለጥፈው?»

ምን ልበላችሁ። ያን ጠዋት ከሥራ ስመለስ እንደ ወትሮው ተኝቶ ነበር ያገኘሁት። እንዳልቀሰቅሰው ጫማዬን በር ላይ አውልቄ መግባቴን አስታወስኩ። ወረቀቷ ላይ «ዘይት አልቋል» የሚል ነበር የተጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ነገር ስንት እንደሚያስወጣ ስንማር በደረሰኝ ላይ የማይታየውንም ቁጠሩ ተብለን ነበር። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን በየሳምንቱ የምቆጥረው የሚገባውን ሁለት መቶ ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ከማን እንቅልፍ ላይ እንደሚቆረስ ከሂሳቤ ውስጥ አልነበረም። የሠራበትን ቅዳሜ ሁሉ ትርፍ ብዬ ስጽፍ ከርሜያለሁ።

እዚያው ወንበር ላይ ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተሩን ከፈትኩ። ሳቀብኝ፤ «አሁንም?» አለ። አሁንም። ግን በዚህኛው ዙር አብረን ነው የሠራነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንዳት ቢያቆምስ? በወር አንድ ቅዳሜ ሁለታችንም ባንሠራስ? የቤት ኪራይ አይነካም። የመኪናው ዕዳ አይነካም። የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እኔ ለነርስነት ትምህርት የማስቀምጠውና ወደ አገር ቤት የምንልከው።

ይሄን የሚያነብ አብዛኛው ሰው፣ ወይ ላኪ ወይ ተቀባይ ነውና፣ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ ማንሳት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ለደቂቃ ያህል ሁለታችንም ያን መስመር ዘለን ሌላ ሌላውን ቆረጥን። የስልክ ጥቅል፣ የሥጋ፣ የማኪያቶ። አልሞላ አለ። በመጨረሻ ትምህርቴን በአንድ ሴሚስተር አራዘምነው፤ የምንልከውንም በትንሹ ቀነስነው። ትንሹ እዚህ ትንሽ ነው። እዚያ ስንት እንደሚሆን ሁለታችንም በልባችን አባዝተን ዝም አልን።

ተመልሰን ስንመጣ ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ገብታ ጥላቸው ሐይቁ ላይ ተኝቶ ነበር። ፌሪስ ዊሉ ጋ ስንደርስ እጁን ይዤ ወደ ሰልፉ አስገባሁት።

«ተይው፣ ሌላ ጊዜ» አለኝ።

«እኔ ነኝ የምከፍለው» አልኩት። ከፈልኩ።

ሳጥኗ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከፍ እያልን ስንሄድ ሰዎቹ አነሱ፣ ከተማው በሙሉ መብራቱን እያበራ ከታች ተዘረጋ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «በብር ስንት ነው?» አለኝ። መታሁት።

በበጋ ወራት እዚህ ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ላይ ርችት ይተኮሳል። የቅዳሜው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከወደቡ ወጣ ብለን ሐይቁ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆምን። የሁሉም አገር ሰው ብርድ ልብስ አንጥፎ ተቀምጧል፤ ልጆች አባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። መተኮስ ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። አዲስ አበባ የእሑድ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ለቅዳሴ ልትወጣ በር ላይ ነበረች።

«ምንድን ነው የሚፈነዳው?» ብላ ደነገጠች።

«ርችት ነው እማዬ፣ አትፍሪ። እይው።»

«ውይ! ሰርግ ነው? የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፤ በየሳምንቱ ነው። ሁለታችንም እዚህ ነን።» ባለቤቴ ፊቱን አስገብቶ «እማዬ እንዴት አደርሽ?» አላት።

ስለምንቀንሰው ገንዘብ ያን ሰዓት አልነገርናትም። ለቅዳሴ የወጣች ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጫንም። በሳምንቱ ነገርናት። ያን ሌሊት ግን ትንሽ አየችና፣ የልጇ እናት ናትና፣ ጥያቄው ከሷም አልቀረም።

«ለዚህ ስንት ከፈላችሁ?»

«ምንም። በነጻ ነው።»

«በነጻ?» ብላ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «በነጻ ከሆነ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ይዟችሁ ነው?»

ተያየን። መልስ ስላልነበረን ስልኩን ወደ ሰማይ አዞርንላት።